ድንኳን የያዘ እንግዳ

ሰው ከሥራው ዐርፎ፣ ከቤቱ ወጥቶ፣ በተራራ መካከል በተኛ ውኃ ዳር ጥቂት ቀን ለመሰንበት ቢመኝ ነውር አይደለም። መሬት እንኳ በየዓመቱ ያለ ዕረፍት የታረሰች እንደ ሆነ ፍሬዋ እየሳሳ ይሄዳል፤ ገበሬውም ይህን ስለሚያውቅ አንዱን ማሳ ጾም ያሳድራል። እንግዲህ በጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ ዓመት ከዓመት መዝገብ ሲያገላብጥ የሚውል የመንግሥት ሠራተኛ፣ በጠመኔ አቧራ መካከል ድምፁን ሲያሰማ የሚውል መምህር፣ ለፈተና ሌሊቱን ሲያነጋ የሚከርም ተማሪ፣ አልፎ አልፎ የገዛ ማሳውን ጾም ቢያሳድር ማን ይከሰዋል? ስለዚህ የዕረፍትን ተገቢነት ለማስረዳት ብዙ ቃል አላባክንም። እኔን ሲያሳስበኝ የኖረው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ሰው በሌላው ሰው አገር ሲያድር ለማንም ምንም ሳይበደር አድሮ መሄድ ይገባዋልን? የሚል ነው። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። እኔም ድንኳን ተሸክሜ ወደ ሐይቅ እስከ ሄድሁበት እስከ ጥር ወር 2015 ዓ.ም. ድረስ ጥያቄ መሆኑ እንኳ አልታየኝም ነበር።

የምኖርባት ሐራ ቆላማ ናት። በስተ ምዕራብ የደጋው ተራራ ቆሞ ይታያል፤ በስተ ምሥራቅ ምድሩ እየተዘረጋና እየጋለ ወደ አፋር በረሃ ይወርዳል። በገበያ ቀን የማሽላ ጆንያና የግመል ጭነት ጎን ለጎን ይቆማሉ። በእንዲህ ያለ አገር የሚኖር ሰው ስለ ቀዝቃዛ ውኃና ስለ ተራራ ነፋስ የሚያስበው በሆዱ ጭምር ነው። የሆነው ሆኖ «ካምፕ» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ የደስታ ቃል ሆኖ አልኖረም። ቀድሞ ካምፕ ስንል ወደ ሐራ ገበያ እንዲደርስ የተጀመረውን የባቡር ሐዲድ የሚሠሩ ሰዎች የሰፈሩበትን ግቢ ማለታችን ነበር። ኋላ ደግሞ ቃሉ የተፈናቀሉ ሰዎች የተጠለሉበትን ስፍራ ወደ መጥራት ተሻገረ። ስለዚህ አንድ መምህር ባልደረባዬ «በጥምቀት ማግሥት ወደ ሐይቅ ሄደን ካምፕ እናድርግ» ብሎ ሲነግረኝ በመጀመሪያ የቀልድ ወይም የሟርት ንግግር መስሎኝ ነበር።

ጉዳዩ ግን እውነተኛ ሆነ። የመምህሩ የአጎት ልጅ ለበዓል ከአዲስ አበባ ሲመጣ በትከሻ የሚነገት ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢትና ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይዞ መጣ። እኔና መምህሩ፣ ይህ ወጣትና አንድ የጤና ባለሙያ አራት ሆንን። ከሐራ ተነሥተን በመርሳ በኩል ወደ ደቡብ አቀናን፤ ውርጌሳን አልፈን ውጫሌ ደረስን። በ1881 ዓ.ም. ስለ ተፈረመውና ስለ አንድ አንቀጹ ትርጓሜ አድዋን ስላስከተለው ውል መምህሩ በመኪናው ውስጥ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተማረን። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሄዶ ሐይቁ በድንገት ተገለጠ።

ሐይቅን ላላዩት አንባቢዎች ጥቂት መናገር ይገባል። ውኃው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ በተራሮች ተከብቦ የተኛ ነው። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር የሚበልጥ ሲሆን፣ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከፍ ብሎ ከሚገኘው ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርደውን የአንከርካን ወንዝ ይቀበላል። መውጫ ወንዝ ግን የለውም፤ የተቀበለውን ለፀሐይ ብቻ ይሰጣል። ዛሬ ዓሣ አጥማጆቹ የሚያወጡት ቆሮሶ እንኳ የአገሩ ተወላጅ አይደለም፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከሌላ ውኃ መጥቶ የተጨመረ እንግዳ ነው።

ወደ ውኃው ገባ ባለው የብስ ላይ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ስፍራው በጥንት ጊዜ ደሴት ነበር። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ጉባኤ ዘርግተው ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእርሳቸው ሥር ሆነው የተማሩበት ነው። ስለ ሐይቁም አፈጣጠር የሚነገር አንድ ጥንታዊ ታሪክ አለ። ዱሮ ስፍራው የብስ ሳለ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት የንጉሥ ልጅ ተበደለች፤ እግዚአብሔርም በተሠራው ግፍ ተቈጥቶ ሴቲቱ ከተቀመጠችበት መሬት በቀር በዙሪያዋ ያለውን ሁሉ ውኃ አደረገው፤ ገዳሙ ያለበትም ስፍራ ያ የተቀመጠችበት መሬት ነው ይላሉ። ለአንዲት ሴት ሲባል ከውኃ የዳነው መሬት ዛሬ ሴት የማይገባበት ገዳም መሆኑ ለብቻው የሚያስገርም ነው፤ ይህን ግን ለሊቃውንቱ ልተወው። ይህ ሁሉ ውኃ በአንዲት የተበደለች ሴት ምክንያት ፈሰሰ የሚል እምነት ያለው አገር ሰውን ስለ መቀበልና ስለ መግፋት ምን ያህል አጥብቆ እንደሚያስብ አንባቢው ልብ ይበልልኝ።

ድንኳናችንን ከከተማው ራቅ ብለን፣ ከደንገሉ በላይ በምትገኝ ሜዳ ላይ ተከልን። ስፍራውን የመረጥሁት እኔ ነበርሁ። ለምን ያን በኩል እንደ መረጥሁ ጓደኞቼ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልተናገርሁም። ፀሐይ ስትጠልቅ ተራሮቹ በውኃው ውስጥ ተገልብጠው ታዩ፤ ወፎቹም ወደ ደንገሉ ገቡ። ወጣቱ ምድጃውን ለኩሶ መኮሮኒ ይቀቅል ጀመር። በዚህ ጊዜ ከብቶቻቸውን ወደ ቤት የሚነዱ አንድ አዛውንት፣ ነጭ ቆብ የደፉ፣ ዱላቸውን በትከሻቸው ያጋደሙ፣ ወደ እኛ መጥተው ቆሙና ሰላምታ ሰጡን። ድንኳኑን ዞረው አዩት። ጨርቁን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ልጆቼ፣ መኪና ተበላሽቶባችሁ ነው?» አሉን።

አለመሆኑን ነገርናቸው።

«እንግዲያ ምን አጥታችሁ ነው ሜዳ የምታድሩት? ያ የሚጨሰው የእኔ ቤት ነው። ያ ደግሞ የወንድሜ ነው። ሰው ያለበት አገር አይደለም እንዴ?»

መምህሩ በትሕትና፣ ቤት አጥተን ሳይሆን ለደስታችን በሜዳ ልናድር መምጣታችንን፣ ምግብም መኝታም ይዘን መምጣታችንን፣ ማንንም ለማስቸገር እንደማንፈልግ አስረዳቸው። አዛውንቱ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያም «ማንንም ላለማስቸገር!» ብለው ቃሉን ደገሙት፤ «እኛ ተቸገርን አላልናችሁም። ተዉ፣ ይህ ነገር ለአገሩ ነውር ነው» አሉ። ብዙም አልለመኑንም። ጥቂት ቈይቶ አንድ ልጅ በጀበና ቡና፣ በሰፌድ ትኩስ ቂጣ ይዞ መጣ፤ ጀበናውን ጠዋት እንደሚወስድ ነግሮን ሄደ። በማግሥቱ ጀበናውን ሊወስድ ሲመጣ ገንዘብ ብንሰጠው እጁን ወደ ኋላው ደበቀ።

በዚያች ሌሊት በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንባቢዎቼ እንዲፈርዱ የሁለቱንም ወገን ቃል በተቻለኝ መጠን ሳላዳላ አቀርባለሁ።

ወጣቱ እንዲህ አለ፦ «አዛውንቱ ደግ ሰው ናቸው። ነገር ግን አራት ሰው ቤታቸው ቢገባ ዶሮ ያርዳሉ፤ ለልጆቻቸው የተቀመጠውን እንጀራ ያቀርባሉ፤ አልጋቸውን ለቀው መሬት ላይ ይተኛሉ። እኛ ደመወዝተኞች ነን፤ እርሳቸው ገበሬ ናቸው። እንግድነት የሚባለው ነገር ባለጸጋው በድኃው ላይ የሚጭነው ግብር ሲሆን አይታያችሁምን? የራሱን ምግብና የራሱን ጣሪያ ይዞ የሚሄድ ሰው ከሁሉ ይልቅ ባላገሩን የሚያከብር ነው።»

ይህ ቃል በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። በአገራችን ታሪክ ውስጥ ባላገሩ እንግዳ ተቀባይ የሆነው ሁልጊዜ በፈቃዱ አልነበረም። ወታደር በገበሬ ቤት እየተመራ፣ የገበሬውን እህል እየበላና በማጀቱ እያዘዘ፣ ቤቱን እስከሚያራቁተው ድረስ ይከርም የነበረበት ዘመን ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ ገበሬው አሥራት እንዲከፍል ያደረጉበት አንዱ ምክንያት ይህን የምሪት ቀንበር ለማቅለል ነበር። በፈቃድ የሚመጣ እንግዳም ቢሆን መጠን አለው። አገራችን ራስዋ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ትላለች። ስለዚህ ወጣቱ ለድኃ ከማዘን የተናገረው ነው እንጂ ከትዕቢት አይደለም።

መምህሩ ግን አልተስማማም። እርሱ የተናገረው አጭር ነበር፤ እኔ አስፍቼ እጽፈዋለሁ። ዱሮ መንገደኛ መሸት ሲልበት ከአንድ ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይል ነበር። ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል። በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ ሁለት ታላላቅ ነገሮች ይፈጸማሉ። መንገደኛው ጒልበቱ፣ ገንዘቡና ማዕርጉ ምንም ያህል ቢሆን በዚያች ሰዓት ሰው የሚያስፈልገው ፍጥረት መሆኑን በገዛ አፉ ይመሰክራል። ባለቤቱም በበኩሉ ቤቱን ከእግዚአብሔር በአደራ የተቀበለ እንጂ የብቻው አድርጎ የያዘ አለመሆኑን ይመሰክራል። አንዱ ችግሩን፣ ሌላው ባለአደራነቱን ከተናገሩ በኋላ በሁለቱ መካከል ባላጋራነት የሚገባበት ቀዳዳ ይጠብባል። ድንኳን የያዘው ሰው ግን ይህን ሁሉ ዘሎ ያልፋል። እርሱ «አሳድሩኝ» አይልም። መሬቱን ይረግጣል፣ ውኃውን ያያል፣ ነፋሱን ይተነፍሳል፤ በአገሩ ላይ ያለውን ሰው ግን እንደ ዛፍና እንደ ድንጋይ ከሩቅ እያየው ያልፋል። አዛውንቱን ያሳዘናቸው ሜዳ ላይ ማደራችን አልነበረም፤ የእርሳቸውን መኖር ከቊጥር ሳናስገባ ማደራችን ነበር። «ሰው ያለበት አገር አይደለም እንዴ?» ያሉት ለዚህ ይመስለኛል።

በማግሥቱ የአንከርካን ሸለቆ ይዘን ወደ አርዲቦ በእግር ወጣን። የመንገዱን ውበት ሁሉ ለመጻፍ ብሞክር ዋናው ጉዳይ ይቀርብኛል። የበጋው ፀሐይ በጀርባችን ነበር፤ በየአጥሩ ሥር የሚጫወቱ ሕፃናት እየተከተሉ ይሸኙን ነበር። አርዲቦ ከሐይቅ ይልቅ ጸጥ ያለ ነው፤ ገደሉ ወደ ውኃው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። እዚያ ዳር ተቀምጠን ቂጣችንን ስንበላ የሌሊቱ ክርክር በልቤ ይመላለስ ነበር።

ድንኳን በራሱ ኃጢአት ሊሆን አይችልም፤ ይህን አስቀድሞ መለየት ይገባል። አብርሃም የሚኖረው በድንኳን ነበር። ይሁን እንጂ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የእንግዳ ተቀባዮች አባት አድርጎ የሚያስታውሰው እርሱን ነው፤ ኦሪት ዘፍጥረት እንደሚነግረን በቀትር ጊዜ በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ሦስት ሰዎች አይቶ ሊቀበላቸው ሮጠ። ከእኛ ከሐራ ብዙ ሳይርቁ የሚኖሩት አፋሮችም ቤታቸውን ነቅለው በግመል የሚጭኑ ሕዝብ ናቸው። ሆኖም ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ዳጉ ሳይለዋወጡ፣ ይኸውም ያዩትንና የሰሙትን ወሬ ሁሉ በዝርዝር ሳይነጋገሩ አይተላለፉም። ቤታቸው ይነቀላል፤ ለመንገደኛው ያለባቸው ግዴታ ግን አብሮ አይነቀልም። የጥምቀትንም በዓል እንውሰድ። ከጥር 10 ቀን ማታ ጀምሮ ታቦቱ በውኃ ዳር በድንኳን ሲያድር ሕዝቡም በሜዳው ላይ ያድራል፤ በዚያች ሌሊት ማንም ለብቻው የሚበላ የለም። እንግዲህ በሜዳና በውኃ ዳር ማደርን ከውጭ አገር የተማርነው አይደለም። አዲሱ ነገር ለብቻ ማደሩ ነው።

በሌላውም ዓለም ይህ ጉዳይ የታሰበበት ነው። አሜሪካዊው ጸሐፊ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ከ1845 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. ዋልደን በተባለው ትንሽ ሐይቅ ዳር በገዛ እጁ በሠራት ጎጆ ለብቻው ኖሮ ስለ ኑሮው መጽሐፍ ጽፏል። በብቸኝነቱ ስሙ የታወቀው ይህ ሰው ጎጆውን የሠራበት መሬት የወዳጁ የኤመርሰን ነበር፤ ስለዚህ እርሱም በወዳጁ መሬት ላይ ያለ እንግዳ ነበር። በስዊድን አገር ደግሞ ማንም ሰው በሌላው መሬት ላይ በእግሩ የመሄድና አንድ ሌሊት ድንኳን ተክሎ የማደር መብት አለው፤ ከመኖሪያ ቤት መራቅና ምንም ነገር አለማጥፋት ግን ግዴታው ነው። የጀርመኑ ፈላስፋ አማኑኤል ካንት በ1795 እ.ኤ.አ. ስለ ዘላለማዊ ሰላም በጻፈው ድርሰቱ፣ የውጭ ሰው በሌላው አገር ሲደርስ እንደ ጠላት ያለመቈጠር መብት አለው፤ ምድር ክብ ስለ ሆነች ሰዎች ያለ መጨረሻ እየተራራቁ ሊሄዱ አይችሉምና በመጨረሻ እርስ በርሳቸው መቻቻል ግድ ይሆንባቸዋል ብሎ አመልክቷል።

የካንት አሳብ የከበረ ነው። የስዊድኖቹም ሕግ መልካም ነው፤ ከቤት ራቅ ብለህ እደር ይላል፤ ይኸውም ባለቤቱን ላለማወክ ነው። ለእኛ አዛውንት ግን ከቤት መራቅ ራሱ ስድብ ነበር። ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል ብሎ ለመፍረድ አልደፍርም። ሕጉ የሚጠብቀው ባለቤቱ ከእንግዳው እንዳይጐዳ ነው፤ የአዛውንቱ ልማድ የሚጠብቀው ግን እንግዳና ባለቤት ሳይተዋወቁ እንዳይለያዩ ነው። አንዱ ሌላውን ሊተካው አይችልም።

እዚህ ላይ ከጓደኞቼ የደበቅሁትን ለአንባቢው መናገር አለብኝ፤ ሳልናገረው ባልፍ ከላይ የጻፍሁት ሁሉ ሐሰት ይሆንብኛልና።

በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ወልድያና ወደ አካባቢዋ በደረሰ ጊዜ፣ እንደ ብዙ ሰው ሁሉ እኔም ባለቤቴንና የሦስት ዓመት ልጄን ይዤ ወደ ደቡብ ሸሸሁ። ሐይቅ ስንደርስ መሽቶ ነበር፤ ዝናብም ይዘንብ ነበር። ልጂቱ ደረቷን ታማ ታቃስት ነበር። ከሐይቁ በላይ ካለች አንዲት መንደር ደጅ ላይ ቆመን ሳለን «አሳድሩኝ» ማለት እንኳ ከአፌ አልወጣም፤ አንዲት እናት ራሳቸው ወጥተው ልጂቱን ከባለቤቴ ጀርባ ተቀበሏት። በዚያ ቤት ዐሥራ አንድ ሌሊት አደርን። ወቅቱ የፍልሰታ ጾም ነበር። እርሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ እኛ ክርስቲያኖች መሆናችንን ባወቁ ጊዜ ቅቤና ሥጋ ያልነካው ድስት ከክርስቲያን ጎረቤታቸው ተውሰው የጾም ሽሮ ለብቻው ይሠሩልን ነበር። አልጋቸውን ለባለቤቴና ለልጄ ለቀቁ። ስንሄድ የነበረኝን ጥቂት ገንዘብ ብሰጣቸው «ለመንገድ ያስፈልግሃል» ብለው መለሱልኝ። የስልክ ቊጥራቸውን ጻፍሁ፤ አገር ሰላም ሲሆን ከቤተ ሰቤ ጋር መጥቼ እንደምጠይቃቸውም ምዬ ተለየሁ።

ከዚያ በኋላ በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በሐይቅም በኩል አለፈ። እኔ ደሴን ለቅቄ ርቄ ነበር። ወደ ሐራ ተመልሼ ሥራዬን ከያዝሁ በኋላ አንድ ቀን ደወልሁላቸው፤ ስልኩ አልሠራም። ሁለተኛ አልደወልሁም። በመጀመሪያ ክፉ ወሬ እንዳልሰማ ፈራሁ። ኋላ ደግሞ የዘገየሁበት ጊዜ ራሱ ያሳፍረኝ ጀመር። አንድ ኪሎ ቡናና ሁለት ኪሎ ስኳር ይዤ ሄጄ ዐሥራ አንድ ሌሊት የሚመዝን ነገር ልከፍል ነውን? እያልሁ ወሩን በወር ላይ ደረብሁት። በመጨረሻ ወደ ሐይቅ የሄድሁት ድንኳን ይዤ፣ ከዚያች መንደር በሚርቅ ዳር ላይ ስፍራ መርጬ፣ ማንንም ላለማስቸገር ብዬ ነው።

ከዚህ በኋላ ወጣቱ ያቀረበው ክርክር በእኔ አፍ ሊሆን እንደማይችል ታየኝ። ድኃውን ከሸክም ማዳን መልካም ነው፤ ነገር ግን ስንት ጊዜ «ላላስቸግር» የምንለው ውለታ እንዳይኖርብን ፈልገን ነው? ውለታ ያለበት ሰው ነጻ አይደለም፤ ተመልሶ መምጣት አለበት፣ መጠየቅ አለበት፣ በልቅሶውና በሠርጉ መገኘት አለበት። ዕዳ የሌለበት ሰው ቀላል ነው፤ እንደ ድንኳኑ በትንሽ ከረጢት ተጠቅልሎ ይሄዳል። እኔ የፈለግሁት ይህን ቅለት ነበር። ድንኳኑን የተሸከምሁት ከአንዲት እናት ዐይን ለመሸሸግ ነበር።

ከወለጋ ተፈናቅለው በሀብሩ ወረዳ ጃራ በተባለው ስፍራ ስለ ተጠለሉት ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። በ2014 ዓ.ም. በሥራ ምክንያት ወደዚያ በሄድሁበት ጊዜ አንድ የቤተ ሰብ አባት በመጠለያው ደጅ ቆሞ ሲያነጋግረኝ፣ ንግግራችን ሲያልቅ እጁ ሳያስበው ወደ ውስጥ አመለከተ፤ «ግባ» ሊለኝ ነበር። ከዚያም እጁን መለሰው። በውስጥ የሚያስቀምጥበትም የሚያቀርበውም አልነበረውም። ምግብና ጣሪያ ማጣቱን በቅጽ ላይ ጽፌ ነበር፤ ይህን ግን የምጽፍበት ዐምድ በቅጹ ላይ አልነበረም። ሰው ቤቱን ሲያጣ ከሚያጣው ሁሉ ይልቅ የሚያዋርደው «ግባ» ማለት አለመቻሉ ይመስለኛል። እንግዲህ አንድ ሰው ይህን ቃል ለመናገር የሚችልበት ቤት ሳለው፣ ቃሉንም ከልቡ ሲናገረን፣ «ምግባችንን ይዘናል» ብለን ስንመልስለት ከእጁ የምንወስድበት ነገር ቀላል አይደለም። ድንኳን ለእኛ ጨዋታ ሲሆን ለጃራው ሰው የቤቱ መጨረሻ መሆኑን ዐውቆ መጫወት ይቻላልን? ይቻላል ብዬ አምናለሁ፤ ደስታ ሁሉ መከራ ባለበት ዓለም ውስጥ የሚደረግ ነውና፣ መከራ እስኪያልቅ የሚጠብቅ ሰው ፈጽሞ አይስቅም። ሳያውቁ መጫወቱ ግን ሌላ ነው።

በሁለተኛው ማታ ከአርዲቦ ስንመለስ ወደ ሜዳችን ከመሄድ በፊት ወደ አዛውንቱ ቤት ጎራ አልን። ቡና ተፈላ፤ እስከ ሦስተኛው አፍላ ተቀመጥን። ወጣቱ ክርክሩን አልተወም፤ ነገር ግን የአዛውንቱ የልጅ ልጅ የሒሳብ ትምህርት እንደ ከበደው ሲሰማ ደብተሩን አስመጥቶ እስኪመሽ ድረስ በኩራዝ አጠገብ አስጠናው። መምህሩ ይህን እያየ ፈገግ አለ፤ ምንም አልተናገረም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ድንኳኑን ነቀልን። ያን ጊዜ ለጓደኞቼ ሁሉንም ነገርኋቸውና፣ ከከተማው ቡናና ስኳር ገዝተን ወደዚያች መንደር ወጣን። ድንኳኑን የተሸከምሁት እኔ ነበርሁ። ቤቱን ከሩቅ ዐወቅሁት፤ ቆርቆሮው አሁንም አለ፤ በረት የነበረበት ስፍራ ግን ባዶ ነበር። በልቤ የመጣብኝን ሁሉ አልጽፈውም።

እርሳቸው ከደጅ ተቀምጠው በርበሬ ይቀነጥሱ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ፤ ጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ስሜን ሳይጠሩ፣ ሰላምታም ሳያስቀድሙ «የልጂቱ ደረት ተሻላት?» አሉኝ።

ተሽሏታል፤ ፊደል ትቈጥራለች አልሁ። በሁለት እጃቸው ፊቴን ይዘው ጉንጬን ሳሙኝ፤ ሳይረግሙኝና ሳይወቅሱኝ። ስለ ስልኩ አልጠየቁኝም፤ ስለ ላሞቹም እኔ አልጠየቅኋቸውም። ከዚያም በትከሻዬ ያለውን ጥቅል አዩና ፊታቸው ተለወጠ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ድንኳን ነው።»

«ውይ! ማን ሞቶባችሁ ነው?»

በእኛ አገር ድንኳን የተሸከመ ሰው ሲታይ መጀመሪያ የሚታሰበው ልቅሶ መሆኑን ያን ጊዜ አስታወስሁ። የሞተ ሰው እንደሌለ፣ ለዕረፍት መጥተን በሐይቁ ዳር ሁለት ሌሊት ማደራችንን ነገርኋቸው። በዐይናቸው ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር አዩት፤ ከዚያም ወደ እኔ ተመለሱ። ምንም አላሉም። በርበሬውን ወደ ጎን አኖሩና ተነሥተው እሳት ሊያያይዙ ገቡ።

ወደ ሐራ የሚሄደው መኪና በዘጠኝ ሰዓት ይነሣ ነበር፤ አልደረስንበትም። በዚያች ሌሊት ድንኳኑ እንደ ተጠቀለለ በበሩ ማዕዘን ቆሞ አደረ፤ እኛም እርሳቸው ባነጠፉልን ቁርበት ላይ ተኛን።